መሳቢያዬ ውስጥ ያሳደርኩት ደብዳቤ

ክቡር ኮሎኔል፣ ክቡራትና ክቡራን፤ ሥራችሁን አቋርጣችሁ፣ በጉን ከኮሶዬ ድረስ አስመጥታችሁ ስለሸኛችሁኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ጋቢውም ሸጋ ነው። በየሄድኩበት ሲሸኙኝ የተሰጠኝን ስቆጥር ይህ አምስተኛዬ ነው። ብርድ እንዳይመታኝ የሚጨነቅልኝ ሰው መቼም አጥቼ አላውቅም።

ስለ እኔ ብዙ ደግ ነገር ተናገራችሁ። «ሻለቃ አዘዘ ትእዛዝ አሳድሮ አያውቅም» አላችሁ። እውነት ነው። ከሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎቴ አሥራ አምስቱን የዝውውር ደብዳቤ ሳረቅቅና ማህተም ስመታ ነው የኖርኩት። ጠዋት የመጣውን ሳልጨርስ ማታ ቤቴ ገብቼ አላውቅም። ስንቱን ሰው ከስንት አገር ነቀልኩት? «ቤተሰብ ምክንያት አይሆንም» የምትለዋንም ለአዲስ ገቢ ሁሉ የማስጠና እኔው ነበርኩ።

እስቲ ዛሬ ደግሞ ትእዛዝ የማያሳድር ሰው ቤት ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ።

ልጄን ዳግማዊትን ታውቋታላችሁ። ዘጠኝ ዓመቷ ላይ እዚሁ ጎንደር፣ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ባለው አዳራሽ ጂምናስቲክ ጀመረች። አሰልጣኟ የትነበርሽ ቁጡ ናት፤ ዳግማዊትን ግን እንደ ዓይኗ ብሌን ነበር የምታያት። በሁለት ዓመት ውስጥ ልጄ ሮጣ፣ አየር ላይ ተገልብጣ በሁለት እግሯ ቀጥ የምትል ሆነች። ለክልል ውድድር ተመረጠች። ውድድሩ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የእኔ ዝውውር መጣ፤ ወደ ጅጅጋ።

ደብዳቤውን ማን አረቀቀው? እኔ። ማህተሙንስ ማን ሊመታ ተዘጋጀ? እኔው። የዚያን ጊዜው አለቃዬ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሊፈርሙ ብዕር አንስተው ቀና አሉ።

«ሻምበል፣ ቤተሰብ ላይ ችግር አለ?»

«የለም፣ ጌታዬ።»

ይኸው ነው። ሰውየው ብዕራቸውን አንጠልጥለው መልሴን ይጠብቁ ነበር። አንድ ወር ብላቸው ይሰጡኝ ነበር። እኔ ግን ለሌላው የከለከልኩትን ለራሴ መጠየቅ አፈርኩ።

የጅጅጋው አሰልጣኝ «እስካሁን የተማርሽውን እርሺው» ብሎ በግራ እግሯ ትነሣ የነበረችውን በቀኝ አስጀመራት። ስትለምደው ነቀምት ተዛወርን፤ የዚያው ደግሞ ወደ ግራ መለሳት። ነገሌ አዳራሽም አሰልጣኝም አልነበረም። ካምፑ ውስጥ ጠጠር ላይ ስትገለበጥ የእጇ አንጓ ወለም አላት። ባለቤቴ እናኑ መጋረጃ መስቀል ተወች። ዳግማዊትም የመለማመጃ ፍራሿን ከገመዱ መፍታት ተወች።

አምና ጎንደር ስንመለስ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ወደ የትነበርሽ ወሰድኳት። ሮጠች፣ መነሻው ላይ ስትደርስ ቆመች። ደግማ ሮጠች፤ ደግማ ቆመች። «በየትኛው እግሬ እንደምነሣ አላውቅም» አለች። የትነበርሽ ልጄን እቅፍ አድርጋ «ምነው ዘገየሽ፣ ልጄ?» አለቻት። እኔን ግን ዞር ብላም አላየችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ጡረታ ወጣሁ፤ ከእንግዲህ የሚያዛውረኝ የለም። ለእሷ ምን ይጠቅማታል? ቅዳሜ ቅዳሜ አዳራሹ ትሄድና ትናንሾቹ ሲገለበጡ ወገባቸውን ትይዛለች። ከሁሉ የምትሳሳላት ምስጢር የምትባል የአሥር ዓመት ልጅ አለች። የሃምሳ አለቃ ሰውአገኝ ልጅ ናት፤ አዎ፣ ያ በሩ አጠገብ አንገቱን የደፋው። ልጅቱ የዛሬ ሃያ ቀን ውድድር አለባት።

የሰውአገኝ የዝውውር ትእዛዝ ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ደረሰ። ማታ ቤት ስገባ ዳግማዊት ሰምታ ኖሯል።

«አባዬ፣ ይቺንም ልትወስዷት ነው?» አለችኝ።



ስለዚህ፣ ክቡር ኮሎኔል፣ ምስጋናውን ያርሙልኝ። ሻለቃ አዘዘ አንድ ትእዛዝ አሳድሯል፤ ያውም አራት ሌሊት። ደብዳቤው ማህተም ሳይመታበት መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ ቁልፉም ይኸውልዎ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ቢሆንም ለልጄ ያልጠየቅኩትን አንድ ወር ለሰው ልጅ እጠይቃለሁ።

ሰውአገኝ፣ ሰኞ ኮሎኔሉ ያስጠሩሃል። «ችግር አለ?» ሲሉህ እኔን እንዳትመስል። «አለ፣ ጌታዬ» በል።

ባልደረቦቼ፣ ምሬቴን ግብዣችሁ ላይ ስላፈሰስኩ ይቅር በሉኝ። እኔን በየጊዜው «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ» እያሉ ሸኝተውኛል። እኔ ግን እናንተን እንደዚያ አልመርቅም። ባላችሁበት ያጽናችሁ። የሰቀላችሁት መጋረጃ ሳይወርድ ይክረም። ልጆቻችሁ የጀመሩትን በጀመሩበት ይጨርሱ።

አሜን በሉ። ሰውአገኝ፣ አንተ ጠንከር አድርገህ።