የእትዬ ደሪቱ ውሃ

እንደምን ዋላችሁ! ተቀመጡ፣ ተቀመጡ፤ ዛሬ እትዬ ደሪቱን ጡረታ የምንሸኝበት ቀን ነው፤ ምግቡ አይሸሽም። ሊባን፣ አንተም ሳምቡሳውን አስቀምጥና ስማኝ።

እትዬ ደሪቱ መጀመሪያ እዚህ ጉርድ ሾላ ቢሯችን የመጡ ቀን ዝናብ ነበር። ከመገናኛ በታክሲ መጥተው፣ ጃንጥላቸውን እያራገፉ በሩ ላይ ቆሙ። ጥበቃችን ጋሽ ገብረየስ፣ «ማንን ፈልገው ነው?» አሏቸው።

«ትልቁን ኮምፒውተር።»

«ቀጠሮ አለዎት?»

ጋሽ ገብረየስ፣ አይሳቁ፤ እርስዎ ነዎት! እትዬ ይኸው አሥራ ሁለት ዓመት ያለ ቀጠሮ ሲገቡ ኖሩ።

ያ ትልቅ ኮምፒውተር ከባድ ስሌት ይሠራል፤ ቋንቋውን የምናውቀው ግን እኛ ጥቂቶች ነበርን። የአፈር ተመራማሪውም፣ ሐኪሙም፣ የታሪክ ሰዉም ባሉበት ሆነው በኢንተርኔት የሚጠቀሙበት መግቢያ ገጽ እንድንሠራ ታዘዝን። ሠራን። አማረ ብለን ለራሳችን አጨበጨብን። ገጹን ለተጠቃሚው እንዲያቀሉ የተቀጠሩት እትዬ ደሪቱ አዩትና፣ «ቆንጆ ነው። ለማን ነው?» አሉ።

በማግስቱ ሃይላንድ ውሃ ተሸክመው መጡ። የብራና ተመራማሪውን ዶክተር ወልደጊዮርጊስን ከገጹ ፊት አስቀመጡ፤ እኛን ከኋላ ደረደሩን። «ሁላችሁም ተጎንጩ። አትዋጡ። እሳቸው ሥራቸውን እስኪጨርሱ ማንም አይናገርም!»

እኔ ቤዛዊት «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ተብዬ ያደግኩ ሰው! ዶክተሩ የብራናውን ፎቶ የሚያስገቡበትን ቦታ ፍለጋ ገጹን ወደ ላይ፣ ወደ ታች ይላሉ። እኔ ጉንጬ ተነፍቶ እንባዬ መጣ። ሊባን አልቻለም። «በቀኝ!» ሲል ውሃው በሙሉ ዶክተሩ ማጅራት ላይ!

ይቅርታ የጠየቁት ግን ዶክተሩ ናቸው። «እኔ ለዚህ ነገር ደንቆሮ ነኝ» አሉ። ያን ጊዜ እትዬ ደሪቱ ተቆጡ፤ እኛን። «እሳቸው አልደነቆሩም። ካልገባቸው ጥፋቱ የገጹ ነው። አፍርሱት!»

አፈረስነው። ስንቴ እንዳፈረስነው እግዜር ይወቀው። «ቤዛዊት፣ ዋጥሽ!» እየተባልኩ ስንት ሃይላንድ ጨረስኩ። ይባስ ብለው ታክሲ ውስጥ አጠገባቸው ለተቀመጠው ሁሉ ስልካቸውን እያቀበሉ «እስቲ ይህችን ገጽ ክፈትልኝ» ይላሉ። ወራጅ ማለት ረስተው ቦሌ ሚካኤል የደረሱበት ቀን አለ።

ዛሬ በዚያ ገጽ የቋንቋ ሰው ይገባል፣ የከዋክብት ሰው ይገባል፣ የቡና በሽታ የሚያጠናው ይገባል። «የቱን ልጫን?» ብሎ የሚደውል የለም። ስልካችን ያረፈው በእርስዎ ነው፣ እትዬ።

አሁን ቀልዱ ይብቃ። እትዬ ደሪቱ፣ አባትዎ አቶ ጃራ ዛሬ ኮንዶሚኒየም በሞላው መሬት ላይ ጤፍ ያርሱ እንደነበር አጫውተውናል። «አባቴን ክረምቱ ጠባዩን ለውጧል ሲሉ የሰማቸው የለም። ጡረታ ስወጣ የዘመናቱን የዝናብ መረጃ በገጹ አስልቼ አየዋለሁ» ይሉን ነበር። ገጹ የሚከፈተው ግን የመሥሪያ ቤት ኢሜይል ላለው ብቻ ነበር፤ የእርስዎ ደግሞ ነገ ይዘጋል። በሩን የሠሩት ሰው ደጅ ሊቀሩ ነው! በየስብሰባው «ጡረተኛ አያስብም? የገጠር መምህር አይመራመርም?» እያሉ ሲሟገቱ ለራስዎ ብለው አልነበረም። እኛ ግን እርስዎን እያየን አንጀታችን ያርር ነበር።

እንግዲህ ይስሙ። ኃላፊያችን ወይዘሮ ሳምራዊት ፈቅደዋል። ከዛሬ ጀምሮ መሥሪያ ቤት የሌለውም ይመዘገባል። መመዝገቢያውን ከእርስዎ ተደብቀን ስለሠራነው አይተውት አያውቁም። ላፕቶፑ ይኸው ከፊትዎ ነው፤ የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ እርስዎ ነዎት።

ስላስተማሩን፣ ስለተቆጡን፣ የማያውቅ ሰው ፊት እንዳንኮራ ስላደረጉን እናመሰግናለን። እኔ በበኩሌ በጣም እወድዎታለሁ። ጤናና ዕድሜ ይስጥዎ። የአባትዎን ክረምት ያግኙት።

በሉ፣ ብርጭቆ አንሱ! ውሃ ነው፤ ቢራው ኋላ ይመጣል። ለእትዬ ደሪቱ! ተጎንጩ፤ አትዋጡ። ሊባን፣ አንተ ራቅ ብለህ ቁም። እትዬ፣ ከተቸገሩ ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ነገ እናፈርሰዋለን።

እኔም አፌን ልዝጋ። ተመዝግበው በሩን ሲያልፉ እንውጠዋለን።