ደሙ ባይረጋም እሳቸው ረግተዋል

«ፀሐይዋ ዛሬ እንዴት ታምራለች አንቺዬ! ወይስ መስኮቱ ተወልውሎ ነው?» አለች የደም መርጋት መርማሪዋ፣ በሆስፒታሉ ሻይ ክፍል ሻይዋን ይዛ ከጓደኛዋ ከነርሷ አጠገብ እየተቀመጠች። ከኋላዋ ባለው ጠረጴዛ የማደንዘዣ ሐኪሙ ለብቻቸው ዳቦ ይቆርሳሉ። በጎን አየቻቸውና ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ልጆችሽ ደህና? ተመስገን! የትናንቱ ሰውዬም አዲሱ ጉበት ሥራ ጀመረለት አሉ። ገና ዓይኑን ሲገልጥ ሚስቱን ‹ምነው ከሳሽ?› አላት፣ እሰይ! ትናንት አልነበርሽም እንጂ... እንዲህ ያለ ረጋ ያለ ሐኪም አይተሽ አታውቂም። ጉበቱ ከገባ በኋላ ደሙ ይንዠቀዠቃል፣ ቀዶ ሐኪሟ ብትጠርግ ብትጠርግ አይቆምም። እኔ የደሙን አረጋግ የሚለካው መሣሪያ የሚስለውን መስመር እያየሁ እጮኻለሁ፤ ወፈር ይልና መልሶ እንደ ክር ይቀጥናል። ደሙ የረጋውን መልሶ እያሟሟው ነው ብዬ ሦስቴ ነገርኳቸው... ማለቴ፣ ተነገረ። ደሙ አልረጋ ቢል እሳቸው ረግተዋል! ‹ደም በዓይኔ አውቃለሁ፣ ሌላ ከረጢት ፕላዝማ ጨምሩ!› ይላሉ። እንዲህ ያለ ዓይን እያለ መሣሪያ ምን ያደርጋል? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ የአንዳንዱ ግን... ለጎረቤትም አይመች!»

ነርሷ ሳቋን በመዳፏ አፈነች። ሐኪሙ ማኘካቸውን አቆሙ።

«ኋላማ ቀዶ ሐኪሟ ቀና ብላ ‹መስመሩ ምን ይላል?› ስትለኝ፣ ‹ማሟሟቱን የሚያስቆመው መድኃኒት ይሰጠው› አልኩ። ተሰጠ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ደሙ ቀጥ! ዛሬ ጠዋት በስብሰባው ላይ ደግሞ መድኃኒቱን ያሰቡት እሳቸው እንደሆኑ ከራሳቸው አፍ ሰማን አይደል?... ለካ እምቢ ይሉ የነበረው ሲያስቡ ኖሯል! ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ... አጨብጭብለት። እኔም እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። የኔን ስም አለማንሳታቸውስ? ዓይን አፋር መሆኔን አውቀው እኮ ነው፣ የኔ አሳቢ!»

ተነሣች። ብርጭቆዋን አስቀምጣ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ወደ ኋላኛው ጠረጴዛ አዞረች፤ ጥርሷ ሁሉ ሳቅ ነው።

«መቼም ለእንዲህ ያለ ሰው ምርቃት አይሰሰትም። ዕድሜውን ከጤና ጋር ይስጥልን። ምናልባት... አያድርገውና፣ እዚያ የቀዶ ሕክምና አልጋ ላይ የተኙ ዕለት ደግሞ፣ እግዜር ቁርጥ እሳቸውን የመሰለ ሐኪም ይዘዝላቸው!»