ነፋስ ያልነካው በቆሎ

ፓርኪንግ አገኘሽ? ፌርፋክስ መንገድ ላይ? በቅዳሜ? ... እንግዲያው ጸሎትሽ ይሰማል። ቁጭ በይ፣ እታገኝ። ሻይ ይምጣልሽ? ፀጉርሽ ደግሞ አምሮብሻል።

ሶ... ቤከርስፊልድ እርሻ ላይ የዘራነውን በቆሎ አየሽው? እኔ ትናንት ድራይቭ አድርጌ ደርሼ መጣሁ። አቤት ሲያምር! ሰኞ ይሰበሰባል፤ እህሉ ግን ገና እርጥብ ነው። ታክሲዬን ሸጬ ማኅበሩ ውስጥ የገባሁበት ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ አገዳውን አቅፌ ልስመው ምንም አልቀረኝም።

የጎተራውን ቁልፍ ዘንድሮም ለእኚያ ጨዋ ሰው ልትሰጪ ነው አሉ። አይ፣ ደስ ብሎኝ ነው! ስማቸውን ምን አስጠራኝ? እዚያ ጥግ ስልካቸውን የሚነካኩ ሰው ይሰሙን ይሆናል... ይስሙ። ምስጋና እኮ ነው።

እንደሳቸው የሚራራ አይተሻል? አምና ያን የቆርቆሮ ጎተራ ከነማራገቢያው ስንገዛ፣ ሻጩ "እህሉ እስኪደርቅ ድረስ እንዳታጠፉት" አለን። እሳቸው ግን... አባት ናቸው። "እርጥብ ነገር ላይ ነፋስ? ብርድ ይመታዋል!" ብለው አጠፉት። የመተንፈሻውን ቀዳዳ አንድ ሳይቀር በፕላስቲክና በቴፕ ደፈኑ። በዚህ አገር የነሐሴ ሙቀት የመኪና መስኮት የማያስከፍቱ ሰው፣ በበቆሎ ላይ ይጨክናሉ?

ከዚያማ ሙቀቱ! በሩን ስንከፍት እንፋሎቱ ቡልቅ ብሎ ወጣ፤ የማኅበርተኛችን የብርሃኑ መነጽር ጉም ለበሰ። ሳቅኩ። ምን ላድርግ? ... ያለቀስኩም ይመስለኛል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል፤ ሻጋታ ቢያብር ግን ጎተራ ያስራል። በዶማ ነው የፈለጥነው! እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የኛ በቆሎ ምን በወጣው፣ በነቀዝ እግር ቀድሞት ሄደ። ከሥር የበቀለም ነበር። ሌላው ገበሬ አንዴ ለማብቀል መሬት ያርሳል፤ እሳቸው ሁለቴ አበቀሉ፣ ያውም ያለ መሬት። የጣልነውን የቦካ በቆሎ የለቀሙት ቁራዎች ሰክረው ሲንገዳገዱ ብታዪ... ሠርግ ነበር!

ዘንድሮ የእርጥበት መለኪያ ብናመጣላቸው፣ "በጥርሴ ነክሼ አውቀዋለሁ" አሉ። እውነት ነው፣ ጥርስ አላቸው። ያውም አዲስ፤ ሚራክል ማይል ሰፈር፣ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ያሠሩት።

ሶ እኔ ምን አገባኝ? ሊቀ መንበራችን አንቺ፣ ቁልፉም አንቺ ጋ። ለእኔ ስጪኝ፣ ማራገቢያው ሥር ፍራሽ አንጥፌ እከርማለሁ ብልሽ... ጨካኝ እመስላለሁ። እህል በነፋስ የሚያስመታ ሰው! ዘንድሮም ካጣነው እኔ ወደ ሰው ታክሲ፣ አንቺም ወደ ሰው ወጥ ቤት እንመለሳለን፤ ራርተውልን ግን ነው። ይህ ያስከፋል?

ኦ... ሊወጡ ተነሡ። ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆለፉት። ጋሼ፣ በደህና ይግቡ! እርስዎን እያመሰገንን ነበር!

ምን አይነት ሰው ናቸው፣ አይደል? ዕድሜ ይስጣቸው። በእርጅናቸውም ጧሪ አያሳጣቸው፤ ልክ እሳቸው በቆሏችንን እንደያዙት አድርጎ የሚይዛቸው... ሞቅ አድርጎ፣ በሩን ገጥሞ፣ ነፋስ ሳያስነካ። አሜን በይ እንጂ!