የአልማዝ አጋዥ

ጓደኛዬ አልማዝ በኢንተርኔት ፖከር በየቀኑ ትረታኝ ጀመር። ካርታ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የሚያሰላላት ሶፍትዌር ቢኖራት ነው ብዬ ጠረጠርኩ። እጅ ከፍንጅ ልይዛት፣ ሳልነግራት አምቡሊ ሰፈር ያለው ቤቷ ሄድኩ። የጫት ሰዓት ነበር፤ በዚያ ሰዓት ጅቡቲ ውስጥ ቤቱ የሚገኝ ባል የለም። የእሷ ግን ኮምፒውተሩ ፊት አጠገቧ ተቀምጦ፣ እያራገበላት ካርታዋን ያነብላታል።

«ሶፍትዌሩ የታለ?» አልኳት።

«የምን ሶፍትዌር ነው አንቺ? ዓይኔ ደክሞ እኮ እሱ ነው ጫቱን ትቶ የሚያግዘኝ።»

«ካርታውን ጣዪው ስላት መች ትሰማኛለች፤ እልኸኛ ናት» አለ ባሏ እየሳቀ።

የእኔው ሟች ባል ለአንድ ቀን እንኳ ጫቱን ትቶልኝ አያውቅም። ሶፍትዌር ባገኝባት ይሻለኝ ነበር።