ጋሼ ሩሲያ ዐረብኛን የመረጡ ጊዜ

እንደምን አመሻችሁ። የማታ አስተማሪ ንግግር አጭር ነው፤ ሲለፈልፍ ስለሚያመሽ ምላሱም ይደክመዋል። ዳይሬክተራችን «በጋሼ የጡረታ መሸኛ ላይ አንቺ ተናገሪ» ሲሉኝ እሺ ያልኩት እንቢ የምልበት አቅም ስላጣሁ ነው።

ጋሼ፣ ወደዚህ የቋንቋ ትምህርት ቤት መጀመሪያ የመጡ ቀን ትዝ ይልዎታል? እኔም ገና አዲስ ነበርኩ። ጥበቃው እያለከለከ መጣና «አንድ የውጭ አገር ሰው በር ላይ ቆሟል» አለን።

«ምን ይላል?»

«ሰላምታው አልገባኝም። ሲሰድበኝ ግን በጥሩ አማርኛ ነው።»

በሩሲያኛ ሰላም ብለውት ኖሯል። ጋሼ ሩሲያ የተባሉት ያን ቀን ነው።

ጠመኔያቸውን በመነጽር ማኅደር ይዘው እንደሚዞሩ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስብሰባ ላይ ያንቀላፋሉ፤ ከዚያ ዐይናቸውን ሳይገልጡ «ይሄን እኮ ባለፈው ወር ወስነናል» ይላሉ። እውነትም ወስነናል። መምህራን ክፍል ውስጥ አንዳችን «ደከመኝ» ካልን፣ «በየትኛው ቋንቋ?» ይሉናል። «በሁሉም» እንላቸዋለን።

ከዚያ ጋሼ የሚያስተምሩት ሩሲያኛ ተማሪ አጣ። መጨረሻ ላይ የቀረው አንድ ፋርማሲስት ነበር፤ እሱም «ቤት ልጆች ይንጫጩብኛል፣ እዚህ ጸጥ ይላል» ብሎ ነው የሚመጣው። ክፍሉ ተዘጋ። ዳይሬክተሩ ጠርተው፣ «ቻይንኛ ይማሩ፤ እኛ እናስተምርዎታለን። ሲጨርሱ ክፍሉ የእርስዎ ነው» አሏቸው። ሁላችንም እሺ ይበሉ ብለን ጨቀጨቅናቸው።

በሳምንቱ እኔ የማስተምረው የዐረብኛ ጀማሪዎች ክፍል ገብተው ፊት ወንበር ላይ ቁጭ አሉ።

«ጋሼ፣ ተሳስተዋል፤ ቻይንኛ ላይኛው ፎቅ ነው።»

«አልተሳሳትኩም። ወረቀት ካለሽ ስጪኝ።»

ምክንያቱን ኮሪደር ላይ ነገሩኝ። ባህር ማዶ ሰው ቤት የምትሠራው ልጃቸው ታማ ሆስፒታል ገብታለች። ሲደውሉ ስልኩን ያነሳችው ነርስ ናት። «ሴትዮዋ በዐረብኛ ደጋግማ ትነግረኛለች» አሉኝ። «ሦስት ቋንቋ አውቃለሁ ብዬ ስኮራ ኖሬ፣ ልጄ ትኑር ትሙት ሳላውቅ ስልኩ ተዘጋ።» ልጅቷ ራሷ እስክትደውል እህል አልቀመሱም ነበር። ሕክምናው ደግሞ ገና ረጅም ነው።

ቻይንኛው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ጋሼ ምዝገባ ክፍል ተመደቡ፤ ደመወዛቸውም ዝቅ አለ። ቀን ሲመዘግቡ ውለው ማታ ዐይናቸው እየተከደነ ይማራሉ። ከጉሮሮ የሚወጡት ድምፆች አስቸግረዋቸው፣ «ይሄ ጉሮሮ ለዚህ አርጅቷል» ሲሉ ክፍሉ ይስቃል፤ እሳቸው ግን መልሰው ይሞክሩታል።

አንድ ምሽት ትምህርት መሀል ስልካቸው ጮኸ። ቆመው አነሱት። በዝግታ፣ እየተሰባበሩ፣ በዐረብኛ «አባቷ ነኝ። ቀስ ብለሽ ንገሪኝ» አሉ። ስሕተታቸው ብዙ ነበር፤ አንዱንም አላረምኩም። ስልኩን ዘግተው፣ «ቀዶ ሕክምናው ደህና ሆኗል። ስትነቃ ውሃ ጠየቀች አሉኝ» አሉና ተቀመጡ።

«ቀጥዪ እንጂ» አሉኝ።

መቀጠል አቃተኝ። ያን ምሽት ተማሪዎቹን ቀድሜ ለቀቅኳቸው።

ልጃቸው አገግማ አምና ተመልሳለች። ይኸው አጠገባቸው ተቀምጣለች። የእኔ እህት፣ ምን ያህል እንደለፉልሽ እሳቸው አይነግሩሽም፤ ስለዚህ ነው እኔ የነገርኩሽ።

ጋሼ፣ ምዝገባ መስኮቱ ላይ ሰው ሁሉ «የትኛው ቋንቋ ሥራ ያስገኛል?» ይልዎታል። እርስዎም የሚያውቁትን ይነግሩታል፤ ከዚያ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ «ግን ማንን ማናገር ፈልገህ ነው?» ይሉታል። አንዳንዶቹ ሌላ ቋንቋ መርጠው ሲሄዱ አይቻለሁ። እኔም በየዓመቱ ክፍል ስገባ፣ ተማሪዎቼን ከቃላቱ በፊት የምጠይቃቸው ይህንኑ ሆኗል። ከእርስዎ ነው የተማርኩት። እናመሰግናለን።

እንግዲህ ብርጭቆ አንሱ። ለጋሼ ሩሲያና ለልጃቸው፤ ዕድሜና ጤና ከቤታችሁ አይጥፋ። ጋሼ፣ ነገ ማታ እኛ ክፍል አለን። እርስዎ ጫማዎን አውልቀው ከልጅዎ ጋር እስኪበቃዎ ያውሩ፤ በፈለጉት ቋንቋ።