የሐጂ ሙዘይን ሰሊጥና የራሒማ ሮቦት

ሐጂ ሙዘይን ከጁምዓ ሶላት ሲመለሱ በሱዳኗ ገዳሪፍ ከተማ ገበያ ዳር ካለው የሰሊጥ መጋዘናቸው ጎራ ቢሉ፣ ድመት የምታክል ባለ ጎማ ነገር በጆንያዎቹ መካከል እየተንከባለለች መጥታ እግራቸው ሥር ቆመች። «ቢስሚላህ!» ብለው ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«አይደንግጡ አጎቴ፤ የኔ ናት፤ ንጹሑን ሰሊጥ ከቆሻሻው እንድትለይ አስተምሬ እየሞከርኳት ነው» አለች የሟች ወንድማቸው ልጅ ራሒማ፣ ከጆንያ ጀርባ ብቅ ብላ። ራሒማ የሒሳብ አስተማሪ ናት። ከሥራ መልስ በአሮጌ ኮምፒውተሯ ፕሮግራም እየጻፈች ሮቦት መሥራት ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆናት፤ የሚከፍላት የለም፣ ወዳው ነው።

ሐጂ ፊታቸውን ቋጠር አደረጉ። «ልጄ፣ የተማርሽው ለመጫወቻ ነው? ለግዑዝ ነገር አእምሮ ልስጥ ማለትስ በአላህ ሥራ መግባት አይሆንም?»

«ነፍስ አልሰጠኋትም አጎቴ። የንጹሕና የቆሻሻ ሰሊጥ ፎቶ በሺህ የሚቆጠር አሳየኋት፤ ከዚያ ልዩነቱን ራሷ ለየች። እርስዎስ በልጅነትዎ ዶካ ገበያ ላይ እያዩ አይደል የተማሩት?»

ሽማግሌው ወደ ጆንያዎቹ ዞሩ። ዓይናቸው ደክሞ አምና አፈር የተቀላቀለበት ሰሊጥ ሳያውቁ ሸጠው፣ ስማቸው በክፉ መነሳቱ እስካሁን ያንገበግባቸዋል። ለማንም ባይናገሩም ራሒማ ታውቃለች።

«እስቲ ትፈተን» አሉና ከአንዱ ጆንያ ዘግነው ትሪ ላይ በተኑ። ሮቦቷ ተጠግታ በካሜራዋ አየችና ቀይ መብራት አበራች፤ ቆሻሻ ነው ማለቷ ነው።

«ወላሂ ተሳሳተች!» ሐጂ በደስታ ጮኹ። «ይህ ከሀዋታ የመጣ ቀይ ሰሊጥ ነው!»

ራሒማ ሳቀች። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ያሳየኋት ነጩን ብቻ ነው። ቀዩን ከአፈር መለየት እኔም አላውቅም። እርስዎ ካላስተማሯት ማን ያስተምራታል?»

ይህን አልጠበቁም። የሃምሳ ዓመት ዕውቀታቸው አብሯቸው የሚቀበር ይመስላቸው ነበር። በርጩማ ስበው ተቀመጡ። «ኸላስ፣ ይሁን፤ ፎቶ አንሺ። ይህ ቀይ ሰሊጥ፣ ይህ አፈር፣ ይህ ደግሞ ዝናብ የነካው...»

እርሳቸው እየለዩ እርሷ ፎቶ እያነሳች ሳምንታት አለፉ። በመከር ወራት አንድም ጭነት አልተመለሰባቸውም፤ ጎረቤት ነጋዴዎችም ናሙና ይዘው ይመጡ ጀመር። ሽማግሌው ያወቁትን ወጣቷ ሳትንቅ ተቀበለች፤ ወጣቷ የሠራችውን ሽማግሌው ሳይፈሩ ሞከሩ፤ ሁለቱም ተጠቀሙ።

አንድ ቀን አንዱ ነጋዴ «ሐጂ፣ ማሽኗ ሥራዎን ቀማችዎ!» ብሎ ቀለደ። ሐጂ ካመጣው ሰሊጥ ቆንጥረው አሸተቱና «ይህ ያምና ነው፤ ሻግቷል» አሉት። ከዚያ ወደ ራሒማ ዞሩ።

«አፍንጫ አላት?»

«ገና የላትም፣ አጎቴ።»

«አልሐምዱሊላህ! እንግዲያው እኔም ሥራ አልፈታሁም።»