ስሙን ያልነገርኳት ሕመም

በ2011 ዓ.ም. በጥቅምት ወር አጋማሽ የደም ግፊት መድኃኒቴን ልገዛ ከመቐለው ሰፈሬ ከሓድነት ወደ ዓይደር ሆስፒታል ሄጄ ነበር። ከሚኒባሱ ወርጄ ወደ ፋርማሲው ሳቀና፣ ከሆስፒታሉ በር ወዲህ ባለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ አንድ የማውቃቸው ሰው አንገታቸውን ደፍተው አየሁ። አቦይ ወልደአማኑኤል ነበሩ። ቀዳማይ ወያነ በሚባለው ሰፈር፣ ከገበያው ዝቅ ብሎ፣ የልብስ ስፌት ሱቅ አላቸው። እኔ የተወለድሁት ደብረ ብርሃን ቢሆንም፣ በባዮሎጂ መምህርነት ተመድቤ መቐለ ከገባሁ ሃያ አምስት ዓመት አልፎኛል፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ሱሪዬን ያሳጠሩልኝ፣ ኮቴን ያጠበቡልኝ እሳቸው ናቸው። አገሬው ታላቁን ሰው «አቦይ»፣ ታላቋን ሴት «አደይ» ስለሚል እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ።

ሰላምታ ሰጠኋቸው። ምን ሊሠሩ እንደ መጡ ስጠይቃቸው በመጀመሪያ «ለትንሽ ጉዳይ ነው» ብለው ሊያልፉት ፈለጉ። ኋላ ግን ለማንም ያላዋዩት ነገር ከብዷቸው ኖሮ፣ ከጎናቸው ስቀመጥ አወጡት። ባለቤታቸው አደይ ዘቢብ የጡት ካንሰር ይዟቸዋል። ሐኪሞቹ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ስምንት ዙር ኬሞቴራፒ አዘውላቸው ሁለቱን ወስደዋል፤ ሦስተኛው በማግስቱ ነበር። አቦይ ወልደአማኑኤል የመጡት ግን ለማግስቱ ሊዘጋጁ አልነበረም። የራጅና የምርመራ ወረቀቶቹን ተቀብለው ሕክምናውን ሊያቋርጡ፣ በሳምንቱ መጨረሻም ሚስታቸውን ከከተማ ውጭ ወዳለ ጸበል ሊወስዱ ነበር።

«ከእንግዲህ አላመጣትም፣ መምህር» አሉኝ። «በእግሯ መጥታ ነው የገባችው። አሁን ከአልጋ እስከ ደጅ የምደግፋት እኔ ነኝ። ጠጉሯ እጄ ላይ ቀረ። በሽታው እንዲህ አላደረጋትም፤ መድኃኒቱ ነው።»

በንግግራቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ያዩትን ነው የተናገሩት፤ ያዩትም እውነት ነበር። ስለዚህ ለመከራከር ከመቸኮል ይልቅ አጀማመሩን ጠየቅኋቸው።

አደይ ዘቢብ እብጠቱን ያገኙት ገላቸውን ሲታጠቡ ነው። ወደ ብብታቸው ጠጋ ብሎ ጠንከር ያለ ትንሽ ነገር እጃቸው ላይ መጣ። አላመማቸውም። ስላላመማቸው ለማንም ሳይናገሩ ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። ከዚያ የጡታቸው ቆዳ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሆነ፤ ጫፉ ወደ ውስጥ ገባ፤ ብብታቸው ሥርም ሌላ እብጠት ወጣ። ለባላቸው የነገሩት ያን ጊዜ ነበር። አቦይ ወልደአማኑኤልም ብረት የነካው እብጠት ይቆጣል ሲባል ሰምተው ስለ ነበር፣ የሐኪሙን መርፌ ፈርተው ሦስት ወር ቅጠል ሲያስሩበት ቆዩ።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ካንሰርን የምንጠብቀው በሕመም በኩል ነው፤ እሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሲጀምር አያምም። በጡት ወይም በብብት ውስጥ የሚዳሰስ እብጠት፣ የቆዳው መለወጥ፣ ከጡት ጫፍ የሚወጣ ደም፣ በሌላውም የሰውነት ክፍል ቢሆን ሳይድን የሚቆይ ቁስል፣ እየባሰ የሚሄድ የመዋጥ ችግር፣ ከወር አበባ ውጭ የሚመጣ መድማት፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ እነዚህ ሁሉ ሐኪም ዘንድ የሚያስኬዱ ናቸው። ሁሉም ካንሰር ናቸው ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ብዙው እብጠት ሌላ ነገር ሆኖ ይገኛል። ነገር ግን ዳስሶ መለየት የኛ ሥራ አይደለም። ለምርመራ የሚወሰደው ናሙናም በሽታውን ይለያል እንጂ አያስቆጣውም።

«ሌላስ ምን አስፈራዎት?» አልኋቸው።

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ ሽንቷ ቀላ። ደም ነው። ውስጧን ቆርጦታል ማለት ነው። እሷም ልትደብቀኝ ፈልጋ ነበር።»

«የመድኃኒቱን ቀለም አይተውታል?»

«አይቻለሁ። ቀይ ነው።»

«ሽንታቸውን ያቀላው እሱ ነው፤ ደም አይደለም። አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ ይጠራል። ነርሷ አልነገረቻችሁም?»

ነርሷስ ልትነግራቸው ነበር። ሲስተር ሮሃ የምትባል ወጣት ሁለቱንም አስቀምጣ ማስረዳት ስትጀምር፣ አቦይ ወልደአማኑኤል ካንሰር የሚለው ቃል ከአፏ እንዳይወጣ ፈርተው «ለኔ ንገሪኝ፣ እሷ ትደነግጣለች» ብለው ወደ ውጭ ጠሯት። እዚያ ከተባሉት ሁሉ ልባቸው የያዘው ስምንት ዙር የሚለውን ብቻ ነው። የማስታወክ መከላከያውን ክኒንም ከመድኃኒቱ በፊትና በኋላ በሰዓቱ መስጠት ሲገባቸው፣ መድኃኒት እንዳይበዛባት ብለው ካስታወኩ በኋላ ብቻ ይሰጧቸው ነበር።

«ታዲያ አደይ ዘቢብ ምን እንደሚታከሙ ነው የሚያውቁት?»

«የደም ማነስ ብያታለሁ» አሉ።

ይህን ስሰማ መድኃኒቴን ገዝቼ ወደ ቤቴ የምመለስበት ሐሳብ ከውስጤ ጠፋ። ከታማሚ ስለ መደበቅ የማውቀውን ያህል የሚያውቅ ሰው በዚያ ደጅ አልነበረም።

መጀመሪያ ትምህርቱን ነገርኋቸው። ካንሰር ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ አይደለም፤ አብሮ መብላትም መተኛትም አይከለክልም። የገዛ አካላችን የተሠራባቸው ሕዋሳት ሥርዐታቸውን ስተው ያለ ልክ ሲባዙ የሚመጣ ነው አልኋቸው። ኬሞቴራፒው በደም ዞሮ በፍጥነት የሚባዛውን ይመታል። የጠጉር ሥር፣ የአፍና የአንጀት ሽፋን፣ የደም ሕዋሳትም ቶሎ ቶሎ ስለሚባዙ አብረው ይጎዳሉ። ጠጉር የሚረግፈው፣ አፍ የሚቆስለው፣ ምግብ የሚያስጠላው ለዚህ ነው። ጤነኞቹ ሕዋሳት ግን በሃያ አንዱ ቀን ውስጥ ያገግማሉ፤ ካንሰሩ እንደነሱ አይችልም። ቀጠሮው በየሦስት ሳምንቱ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። በመሀል ካቋረጡት ግን የተረፈው እንደገና ይባዛል።

አቦይ ወልደአማኑኤል በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያ የፈራሁትን ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ትድናለች ብለህ ትምልልኛለህ?»

«አልምልም» አልኋቸው። «ሐኪሙም አይምልም። ዘግይታችሁ ነው የመጣችሁት። ነገር ግን ዕድል ያላቸው በመታከም ውስጥ ነው።»

«ካልዳነች ለምን አስጨንቃታለሁ? ስሙን ከሰማች ደግሞ በሽታው ሳይሆን ፍርሃቱ ነው የሚገድላት። እኔ ያለ እሷ ቤት የለኝም፣ ሓወይ። አልነግራትም።»

ሓወይ፣ ወንድሜ ማለታቸው ነው። በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ብለውኝ አያውቁም ነበር። እኔም ለማንም ያልተናገርሁትን ነገርኋቸው።

ባለቤቴ አስካለማርያም በ1998 ዓ.ም. ታመመች። ያኔ ይህ ሕክምና እዚህ ስላልነበረ አዲስ አበባ ወሰድኋት። ሐኪሙ የጨጓራ ካንሰር መሆኑን ለኔ ሲነግረኝ፣ ለእሷ እንዳይነግራት ለመንሁት። የጨጓራ ቁስለት ነው አልኋት። ሁለት ጊዜ ኬሞቴራፒ ወሰደች። ሦስተኛው ሲደርስ፣ ለጨጓራ ቁስለት ይህን ያህል መንገድና ይህን ያህል ሥቃይ ምንድን ነው፣ ቤቴ ሆኜ አጃ እየጠጣሁ እድናለሁ ብላ አልሄድም አለች። እውነቱን ብናገር ውሸቴ ይገለጣል፤ ዝም ብል ሕክምናው ይቀራል። ዝም አልሁ። ከሰባት ወር በኋላ ሞተች። መድኃኒቱ ያድናት ነበር አልልም፤ ሐኪሙም አላለኝም። ነገር ግን እኔ ዘጠነኛ ክፍል ገብቼ ስለ ሕዋስ አፈጣጠር ሰሌዳ ሞልቼ የምጽፍ ሰው፣ ለሚስቴ አንዲት ቃል መናገር አቅቶኝ የራሷን ነገር ራሷ እንዳትወስን ከለከልኋት። የምትሰናበተውን ሳትሰናበት፣ ለእኅቷ የምትለውን ሳትል ሄደች። አልጋዋ አጠገብ ሆኜ የመጨረሻ ቃሌ «በቅርብ ትነሻለሽ» የሚል ነበር።

ሰው የሚገባውና የሚወጣው በዛ፤ ከበሩ ፊት ባጃጆች ይጣራሉ።

«ጸበሉስ?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ጸበሉን ማን ከለከለዎት? ሰውነታቸው ሲበረታ፣ ሐኪሙን ጠይቃችሁ ትሄዳላችሁ። መድኃኒቱን ትታችሁ ኑ ያላችሁ ካህን አለ?»

«የለም» አሉ እፍር እንደማለት ብለው። «የንስሐ አባቷ እንኳ ትታከም ነው ያሉት።»

ወረቀቶቹን ሳይጠይቁ ተነሡ። አብሬያቸው እንድሄድ ስለ ፈለጉ እስከ ቤታቸው በባጃጅ ሄድን። አደይ ዘቢብ ራሳቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ ደጃፋቸው ላይ በፀሐይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ጠቁሮ ከንፈራቸው ደርቋል። እንግዳ መምጣቱን ሲያዩ ሊነሡ ሞከሩ፤ አስቀመጥናቸው። አቦይ ወልደአማኑኤል ከፊታቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ያዙ።

«ዘቢብ፣ ዋሽቼሻለሁ። የደም ማነስ አይደለም» አሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን በትግርኛ ተናገሩት፤ ቃሉንም ጠሩት።

አደይ ዘቢብ አልደነገጡም። ባላቸውን ትንሽ ተመልክተው፣ እኔም እንድሰማ ይመስለኛል በዐማርኛ መለሱ።

«ዐውቅ ነበር። እዚያ ክፍል አጠገቤ የምትተኛዋ ሴት ነግራኛለች። አንተ እንዳትጨነቅ ብዬ ዝም አልሁ። ሽንቴ ሲቀላ ግን በቃ ነው አልሁ። የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም።»

እኔ ፊቴን አዞርሁ። ባልና ሚስት አንዱ ሌላውን ላለማስጨነቅ በአንድ ቤት ሁለት ወር ለየብቻ ፈርተው ኖረዋል። ምናልባት አስካለማርያምም እንዲሁ ዐውቃ ለኔ ስትል ዝም ብላ ይሆን? እስከዚያች ቀን ድረስ ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። ከዚያች ቀን ወዲህ ግን ያላሰብሁበት ቀን የለም።

አደይ ዘቢብ ስለ ቀዩ ሽንት ሲረዱ በረጅሙ ተነፈሱ። ጸበሉ ይቆይልኝ፣ መጀመሪያ የጀመርሁትን ልጨርስ ያሉት ራሳቸው ናቸው። በማግስቱ ሦስታችንም ሲስተር ሮሃ ዘንድ ቀረብን። እሷም ሳትቆጣ ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀምራ ለታማሚዋ ነገረቻቸው። ትኩሳት ከመጣ እስከ ቀጠሮው ሳይጠብቁ በዚያው ቀን እንዲመጡ፣ ምክንያቱም የደም ሕዋሳቱ ሲቀንሱ ትንሹም ኢንፌክሽን እንደሚያይል፤ ምግብ በአንዴ ሳይሆን ጥቂት ጥቂት፣ በደንብ የበሰለውን እንዲበሉ፤ አፋቸው ሲቆስል ለብ ባለ ውሃና ጨው እንዲጉመጠመጡ፤ የማስታወክ መከላከያ ክኒኑን ሳያስታውካቸው በፊት እንዲውጡ። አደይ ዘቢብ ጥያቄያቸውን ሲያወርዱ ባላቸው አንድ ጊዜም አላቋረጡም።

ስምንቱ ዙር በጥር መጨረሻ አለቀ። እብጠቱ በጣም አነሰ፤ ቀዶ ሕክምናው ተደረገ። ነገር ግን ጡታቸው ሊተርፍ አልቻለም፤ የብብታቸውም ዕጢዎች ስለ ወጡ ቀኝ ክንዳቸው እያበጠ ያስቸግራቸዋል። የሐኪሙ ቃል ግልጽ ነበር፦ ያን ትንሽ ነገር በዳሰሱበት ወር መጥተው ቢሆን ይህ ሁሉ በቀለለ ነበር፤ ክትትሉም ገና ብዙ ዓመት ይቀጥላል። አቦይ ወልደአማኑኤል ይህን ሲሰሙ ቅጠል ያሰሩበትን ሦስት ወር እየቆጠሩ እንደ ነበር ዐውቃለሁ፤ እኔም የራሴን ስቆጥር ስለ ኖርሁ።

ጠጉራቸው መልሶ በቅሏል። ሱቁ ውስጥ ከባላቸው ጎን ተቀምጠው ቁልፍ ይተክላሉ። ልብስ ልታስለካ የምትመጣን ሴት ሁሉ፣ ጡትሽን በየወሩ ትዳስሻለሽ ወይ ብለው ያለ ሀፍረት ይጠይቃሉ። አቦይ ወልደአማኑኤልም ቃሉን በስሙ ነው የሚጠሩት፤ ያለፈባቸውን ለሚጠይቃቸው ሁሉ የሚሉትም አንድ ነው፦ ቶሎ ሂዱ፣ የጀመራችሁትን አታቋርጡ፣ ከታማሚው አትደብቁ።

በ2012 ዓ.ም. ጥር ላይ ሙሚና የምትባል የሠርግ ልብስ ልታሰፋ የመጣች ሴት፣ በዚሁ ጥያቄ ምክንያት ከወር በፊት የዳሰሰችውን እብጠት ነገረቻቸው። አደይ ዘቢብ ሥራቸውን አስቀምጠው በማግስቱ ራሳቸው ዓይደር ወሰዷት። ካንሰር ነበር፤ ግን ገና ትንሽ፣ ወደ ሌላ ቦታ ያልተሰራጨ። ሐኪሞቹ እሱን ብቻ አውጥተው ጡቷን ተዉላት።

ያን ዜና የሰማሁት ከሱቁ ደጃፍ ቆሜ ነው። እንኳን ደስ አለዎት ልላቸው ስል አደይ ዘቢብ እያለቀሱ ነበር። በሕመማቸው ዘመን ሁሉ ሲያለቅሱ አላየኋቸውም። ባላቸው የስፌት መኪናውን አቁመው ያዩአቸዋል።

«ለሷ ደስ ብሎኛል፣ መምህር» አሉኝ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። «የኔም እኮ አንድ ጊዜ እንዲያ ትንሽ ነበር።»